ባለቤት በሌለበት ቤት ስለ ማደር፤ ከሐሙሲት እስከ ጉና

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከባሕር ዳር ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት ዐልፋ የምትገኝ፥ በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት። ስሟ እንደሚያመለክተው ገበያዋ ሐሙስ ሐሙስ ይቆማል። ከከተማዋ በስተምዕራብ አገሩ ወደ ጣና ሐይቅ ዝቅ ይላል፤ በስተምሥራቅ ግን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄድና የጉማራና የርብ ወንዞች ከሚነሡበት፥ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ ይደርሳል። እንግዲህ በሐሙሲት ገበያ የሐይቅ ዳር ሰውና የደጋ ሰው ይገናኛሉ። መኪና ባልነበረበት ዘመን ደገኛው ሐሙስ ጧት ከገበያው ለመድረስ ረቡዕ ማታ፥ አገሩ ሩቅ ከሆነም ማክሰኞ ማታ ጭምር፥ በመንገድ ማደር ግድ ይሆንበት ነበር። ታዲያ የት ያድር ነበር? ሰው ካለበት መንደር ሲመሽበት ነገሩ ቀላል ነው። ከመንደሮች ሁሉ በላይ ባለው ተራራ ላይ፥ የሚቀበለው ሰው በሌለበት ሲመሽበትስ? ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመርመር የተጻፈ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሳይታወቅ ሁለተኛው በደንብ ስለማይገባ፥ ከመጀመሪያው እነሣለሁ።

ባለፈው የትምህርት ዕረፍት በሐሙሲት ሦስት ሽማግሌዎችን ጠይቄአለሁ። ሁለቱ በወጣትነታቸው በአህያ እህል እየጫኑ ይነግዱ ነበር፤ ሦስተኛው ገበሬ ናቸው። የነገሩኝ ነገር በብዙው ይስማማል። መንገደኛ ሲመሽበት ጭስ ወደሚታይበት ቤት ይሄድና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነን፥ አሳድሩን» ብሎ ይጣራል። ሳይጣሩ ወደ ሰው ግቢ መግባት ነውር ነው፤ ውሻም ያስነክሳል። ባለቤቱ ወጥቶ «ከየት መጣችሁ? ወዴትስ ትሄዳላችሁ?» ብሎ ይጠይቅና «ቤት የእግዚአብሔር ነው፥ ግቡ» ይላል። እንግዳው ዱላውን ከበሩ አጠገብ ያኖራል፤ ልጆች ውኃ አሙቀው እግሩን ያጥቡታል፤ ከቤተ ሰቡ ራት ይካፈላል፤ በመደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎለት ያድራል። ሒሳብ የለም። ነጋዴ ከሆነ ጧት ሲሄድ ለባልትናዋ እመቤት ጥቂት ጨው ወይም ቡና ቢተውላት መልካም ነው፤ ባይተውም አይወቀስም። ውለታው የሚመለሰው ላሳደረው ሰው እንዳልሆነ አንደኛው ሽማግሌ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፤ «የኔን ልጅ ደግሞ ሌላ አገር፥ ሌላ ሰው ያሳድረዋል»። ይህን አነጋገር አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እርግጥ ነው፥ መንገደኛ ሁሉ በዚህ አኳኋን አያድርም ነበር። የንጉሥ መልእክተኛና እንግዳ በየደረሰበት ከገበሬው ድርጎ ይሰጠው ነበር፤ ይህ ግን ከእንግዳ ተቀባይነት ይልቅ ወደ ግብር የሚጠጋ ነው። ሲራራ ነጋዴ በብዛት ስለሚጓዝ ጭነቱን በሜዳ አራግፎ፥ አጋሰሱን በመካከል አድርጎ፥ በተራ እየጠበቀ ያድር ነበር። ገዳም ባለበትም መነኮሳት ያሳድራሉ። በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ታላቁ ሴንት በርናርድ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ነበር። በስዊስና በኢጣሊያ መካከል ባለ የተራራ መተላለፊያ፥ በ2,469 ሜትር ከፍታ ላይ፥ በ11ኛው መቶ ዓመት የተመሠረተው የመነኮሳት ማደሪያ እስከ ዛሬ ድረስ መንገደኛ ይቀበላል። በልጅነቴ ያስደነቀኝ ሰው ከበረዶ የሚያወጡት ውሾች ነገር ነበር። አሁን ሳስበው ግን የሚያስደንቀው በዚያ ብርድ ውስጥ በሩን የሚከፍት ሰው ዓመቱን ሙሉ መኖሩ ነው።

በጉና ራስ ላይ በሩን የሚከፍት ሰው የለም። ይህን ያወቅሁት በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። አጎቴ በግ ነጋዴ ነው፤ ከደጋው ገዝቶ በሐሙሲት ይሸጣል። እኔ ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ትምህርት ቤት ስለ ተዘጋ ከእርሱና ከአንድ ባልንጀራው ጋር ሄድሁ። በመኪና ከደብረ ታቦር ዐልፈን፥ ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ ወረድን፤ አሳባችን ተራራውን በእግር ተሻግረን ወደ እስቴ በኩል ለመውረድ ነበር። አጎቴ በየመንደሩ የበግ ዋጋ ሲከራከር ብዙ ስለ ቈየ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ከመጨረሻው መንደር እጅግ ርቀን ነበር። ወደ ኋላ መመለሱም ወደ ፊት መውረዱም በጨለማ የማይሞከር ገደል ነው። አጎቴ ግን አልደነገጠም፤ ከአንድ ጉብታ ሥር የእረኞች ጎጆ እንዳለ ያውቅ ኖሮ ወደዚያ መራን።

ጎጆው ከወገብ በላይ በደረቅ ድንጋይ የተካበ፥ በጓሳ የተከደነ፥ መስኮት የሌለው ክብ ቤት ነው። በክረምት ማሳው ሁሉ በአዝመራ ሲያዝ ከብቱ ወደ ተራራው ስለሚወጣ እረኞች ያድሩበታል፤ በበጋ ባዶ ነው። በሩ በእሾህ ተዘግቶ ነበር። አጎቴ እሾሁን ከማንሣቱ በፊት ከውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ማንም እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ስለ ነበር ባልንጀራውና እኔ ሳቅን፤ እርሱ ግን አልሳቀም። ከውስጥ ጉልቻ፥ አንድ አሮጌ የሸክላ ድስት፥ ከግድግዳው ሥር የተደረደረ ኩበትና ጥቂት የአስታ እንጨት አገኘን። አጎቴ ኩበቱን አስቈጠረኝ፤ ሠላሳ ሆነ። «ዐሥሩን እናነድዳለን፤ የቀረው የኛ አይደለም» አለ።

በሶ በጥብጠን ጠጣንና ተጋደምን። ብርዱ ግን ከጠበቅነው በላይ ሆነብን። የአጎቴ ባልንጀራ በሩን በአጎዛና በጋቢ ጠቀጠቀው፤ ፍሙንም ወደ መካከላችን ሳበው። ሙቀቱ ደስ አለንና ተኛን። ሌሊት ስነቃ ራሴን ሊፈነዳ እስኪደርስ ያመኝ፥ ሆዴንም ያቅለሸልሸኝ ነበር። ለአጎቴ ብነግረው እርሱንም እንዳመመው ነገረኝ፤ ባልንጀራውን ብንቀሰቅሰው ቶሎ አልነቃ አለ። አጎቴ በሩን ገፍቶ ከፈተና ሁለታችንንም ጐትቶ አወጣን። መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ጥቂት ቈይቶ ሕመሙ ቀለለልን፤ ሰውዬውም ነቃ። ከዚያ በኋላ ፍሙን ወደ ውጭ አውጥተን፥ በሩን ገርበብ አድርገን፥ ተጠጋግተን እየተንቀጠቀጥን ነጋልን።

ጧት ቶሎ ለመውረድ ብንጓጓም አጎቴ አልፈቀደም። ያነደድነውን የሚያህል ደረቅ ኩበት ከሜዳው ለቅመን ከቦታው እንድንደረድር አደረገ። ከስንቁ ጥቂት በሶ በጨርቅ ቋጥሮ በድስቱ ውስጥ አኖረ፤ አይጥ እንዳያገኘው በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነው። አመዱን ጠርጎ፥ በሩን በእሾህ መልሶ ዘጋና ሄድን።

የዚያን ሌሊት ሕመም ለብዙ ጊዜ «ተራራው ነው ያመመን» እያልሁ አወራው ነበር። ስሕተት መሆኑን ያወቅሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ስሕተቱም ሰው የሚገድል ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራው እወዳለሁ። ከፍታ በራሱ ያማል። የጣና ሐይቅ ወለል ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ሲሆን በ4,000 ሜትር ግን ከመቶ ወደ ስድሳ ይወርዳል። ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣ ሰው ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊይዘው ይችላል። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ ብለው የሚመክሩት ስለዚህ ነው። በቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ለማደር ዝቅ ማለት ይጠቅማል፤ አደገኛው እንቅልፉ ነው።

ከሰል ወይም ኩበት በተዘጋ ቤት ሲጤስ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፥ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ አየር ይወጣል። ይህ አየር በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ምልክቱ ከተራራ በሽታ ጋር አንድ ይመስላል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የጢሱ መርዝ በቤቱ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይይዛል፥ ወደ ውጭ ሲወጡም ቀለል ይላል። የተራራ በሽታ ግን አንዱን ይዞ ሌላውን ሊተው ይችላል፥ በር በመክፈትም አይለቅም፤ እየበረታ ከሄደ መድኃኒቱ መውረድ ነው። በተራራ ላይ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው ይበረታል፤ ቀድሞውንም ኦክሲጅን ያነሰው ደም የቀረውንም ያጣልና። ብርዱም ወደዚህ ስሕተት ይገፋል። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ከጣና ዳር እስከ ጉና ራስ ከ14 ዲግሪ በላይ ይሆናል ማለት ነው። በሐሙሲት ነጠላ የሚበቃው ሰው በጉና በርኖስ ያንሰዋል። በርኖስ ያልያዘ ሰው በሩን ጠቅጥቆ ፍም ያቅፋል። የእረኞቹ ጎጆ ክዳን ጢስ እንዲያሳልፍ ሆኖ በጓሳ ተሠርቷል፤ በሩም ክፍተት አለው። ከሠሪዎቹ የበለጥን መስሎን ክፍተቱን የደፈንነው እኛ ነን።

ባለቤት በሌለበት መጠለያ በከፍታ ላይ ማደር በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ነው። በባሌ ተራሮች፥ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፍንጫ ሐበራ የሚባል የዋሻ ጥላ አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 በታተመ ጥናት እንደ ተገለጸው፥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ ይኖሩበት ነበር። ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ፥ መሣሪያም የሚሠሩበትን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ ያመጡ ነበር። ለአንዱ የተመቸ ዋሻ ለሚቀጥለውም እንደሚመች ማንም ሳይነግራቸው ዐውቀውታል።

በአውሮፓ ይህ ነገር ሥርዐት የወጣለት ከመቶ ስድሳ ዓመት ወዲህ ነው። የስዊስ የተራራ ወጪዎች ማኅበር በ1863 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ተቋቁሞ በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ጎጆ ሠራ። ዛሬ በአልፕስ ያሉት ብዙዎቹ ጎጆዎች በበጋ ጠባቂ አላቸው፤ ጠባቂው በመጸው ሲወርድ ግን አንዲት ክፍል ብርድ ልብስና ምድጃ ይዛ ክፍት ትቀራለች። ያደረ ሰው ስሙን በመዝገብ ጽፎ፥ ገንዘቡን በሣጥን ከትቶ ይሄዳል። ለጭንቅ ጊዜ ብቻ የተሠሩም አሉ። በማተርሆርን ተራራ ጫፍ መንገድ ላይ፥ በ4,003 ሜትር፥ የቤልጅጉ የኬሚስትሪ ባለሙያና ባለጸጋ ኤርነስት ሶልቬይ በሰጠው ገንዘብ በ1915 የተሠራችው ጎጆ ዐሥር መኝታ ያላት ስትሆን፥ አውሎ ነፋስ ወይም ጨለማ ለያዘው ሰው እንጂ በፈቃዱ ሊያድርባት ለሚመጣ አልተፈቀደችም። በኖርዌይ፥ በ1868 የተመሠረተው የእግረኞች ማኅበር ባሉት ብዙ ጎጆዎች ደረቅ ምግብ በመደርደሪያ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እንግዳው የወሰደውን ራሱ ጽፎ ራሱ ይከፍላል። በስኮትላንድ ደግሞ በ1965 የተቋቋመ ማኅበር የተተዉ የእረኞችና የገበሬዎች ቤቶችን ይጠግናል፤ ቍልፍም ክፍያም የላቸውም።

እኔ እነዚህን ሥርዐቶች ሳነብ የታየኝ አንድ ነገር ነው። የሐሙሲቱ ባለቤት ለእንግዳው ያደርግለት የነበረው ሥራ ሁሉ ባዶው ጎጆ ውስጥ በሌላ ነገር ተተክቶአል። ባለቤቱ «ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ የነበረው ለወሬ ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ቢጠፋ የት እንደሚፈለግ ያውቃል። በጎጆው መዝገብ ስምና የሚሄዱበትን አቅጣጫ መጻፍ ይህንኑ ይሠራል። የእመቤቲቱን ምድጃ የእንጨት ክምሩ፥ ጨውና ቡናውን የገንዘብ ሣጥኑ ይተካሉ። የማይተካ የሚመስለው ባለቤቱ ራሱ ነው። በእርግጥ ግን እርሱም ተተክቷል። ትናንት ያደረው ሰው እንጨት ፈልጦ፥ ጠርጎ፥ በሩን ዘግቶ ከሄደ ለዛሬው እንግዳ ባለቤት ሆነው ማለት ነው። ሽማግሌው «የኔን ልጅ ሌላ ሰው ያሳድረዋል» ያሉት ይኸው ነው፤ አጎቴም ሠላሳውን ኩበት ያስቈጠረኝ ማኅበርም መዝገብም ሳያስፈልገው ነው።

በአገራችን ተራራ የሚወጣ ሰው በብዛት የሚያድረው በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፥ ሳንቃበር፥ ግጭና ጨነቅ የተባሉት የማደሪያ ስፍራዎቹ ሁሉም ከ3,200 ሜትር በላይ ናቸው። በዚያ ግን መንገደኛው ብቻውን አይደለም፤ ከደባርቅ ጀምሮ ጠባቂና በቅሎ ነጂ አብረውት ይሄዳሉ። በመቄትም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ2000 በኋላ ገበሬዎች በማኅበር እንግዳ የሚቀበሉባቸው ጎጆዎች በገደል አፋፍ ላይ ተሠርተዋል። እነዚህ ባለቤት ያላቸው ቤቶች ናቸው። በጉና ላይ ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች አንድ ባዶ መጠለያ ይሠራ የሚል አሳብ በመካከላችን ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በበኩሌ ከመስማማቴ በፊት አንድ ሒሳብ አቀርባለሁ። እኛ ሦስት ሰዎች በአንድ ሌሊት ዐሥር ኩበት አነደድን። እንደኛ ያለ ጓድ በተከታታይ ሦስት ሌሊት ቢያድርና ባይተካ፥ ክምሩ አለቀ፤ እረኞቹ በሰኔ ዝናብ ሲወጡ ባዶ ምድጃ ያገኛሉ። ቀጥሎ የሚቈረጠው አስታው ነው። በዚያ ብርድ አስታ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ጓሳውም ከተነቀለ የጉማራና የርብ ውኃ አፈሩን ይዞ ወደ ጣና ይወርዳል። ስለዚህ መጠለያው ቢሠራ፥ የሚያድርበት ሰው የራሱን የጋዝ ምድጃ ይዞ ይውጣ፥ የተራራውን ማገዶ ለጭንቅ ጊዜ ይተው እላለሁ። ሕንፃው ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ማገዶው ነው።

ሽማግሌዎቹን ስለዚህ አሳብ ስጠይቃቸው አልተስማሙም። አንደኛው ነጋዴ «ባለቤት የሌለው ቤት የሌባ ቤት ነው» ብለው ቈረጡ። ሁለተኛው «እረኛ ጎጆውን ለመንገደኛ ሲተው ኖሯል፤ አዲስ ነገር አይደለም» አሉ። ገበሬው ግን ወደ ሌላ ነገር ወሰዱት። ዛሬ በከተማው አልጋ ቤት ሞልቷል፥ መኪናም አለ፤ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የሚጣራ ሰው ቀንሷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ደግሞ በሌሊት የሚጣራ ድምፅ ሲሰማ ሰው በሩን ከመክፈቱ በፊት ያመነታል። «ማን እንደ ሆነ አታውቅም፤ ማሳደሩም ያስጠይቃል፥ መመለሱም ይጸጽታል» አሉኝ። እርሳቸው ራሳቸው ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም ብለው፥ «ከአጥሩ ውጭ ያለችውን ማድቤት ክፍት አድርጌ እተዋለሁ፤ ውኃና ቆሎም አኖራለሁ። የሚያድር ያድርባታል፤ እኔም አላየሁትም፥ እርሱም አላየኝ» አሉ። ይህን ሲሉ እንደ ማፈር ብለው ነበር። እኔ ግን በኖርዌይ ካነበብሁት ጎጆ የሚለየው የሒሳብ ሣጥን የሌለው መሆኑ ብቻ ነው ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍሁት።

ስለ ጉናው ጎጆ ይህን ልጨምር። አጎቴ በሌላ ጊዜ በግ ሊገዛ ወደዚያው ሲወጣ ባለ ጎጆውን በመንደሩ አገኘው፤ በጥር ሦስት ሆነን እንዳደርንበት፥ ኩበቱንም እንደ ተካን ነገረው። ሰውዬው በሶውን አግኝቶት ኖሮ ማን እንደ ተወው ሲያስብ ከርሟል። አጎቴ የጢሱን ነገር፥ ልንሞት እንደ ደረስንም ሲያወራለት ሰምቶ ሰምቶ፥ «በሩን ማን ድፈኑት አላችሁ?» ብሎ ተቈጣው፤ ከዚያም ራት ሳይበላ አይሄድም ብሎ አሳደረው።